ሥዕል ያለው ፓንኬክ ከልጆች ጋር፦ መጥበሻውን ሳታሞቂው ጀምሪ

ጥያቄው፦ «የ4 ዓመት ሴት ልጅና የ7 ዓመት ወንድ ልጅ አሉኝ። ድብና ጥንቸል የሚመስሉ ፓንኬኮች አይተው ለቅዳሜ ቁርስ ካልሠራን አሉ። ሞከርን። የድቡ ጆሮ ከራሱ ጋር ተዋሃደና ጠፋ፣ ሁለተኛው አረረ፣ ትንሿ መጥበሻውን ልትነካ ስትል ጮኽኩባትና አለቀሰች። መጨረሻ ላይ ሁለቱንም ከኩሽና አስወጥቼ ክብ ክቡን ብቻዬን ጋገርኩ። ሰው እንዴት ነው የሚሠራው? የተገዛ የምግብ ቀለም ሳልጨምርስ ቀለም ማውጣት ይቻላል?»

መልስ፦

እህቴ፣ ጥፋቱ ያንቺም የልጆቹም አይደለም። የቅደም ተከተሉ ነው። ልጆችን ምግብ ማብሰል ሳስተምር ዓመታት አልፈዋል፣ በነዚህ ዓመታት ደጋግሜ ያየሁት ይህንኑ ነው። ወላጅ መጥበሻውን ያግላል፣ ልጁን በርጩማ ላይ ያቆመዋል፣ የሊጡን ጠርሙስ ያስጨብጠዋል፣ ከዚያ «ቶሎ በል፣ እንዳትነካው፣ ኧረ አረረ» ይጀመራል። የጋለ መጥበሻ ለማንም ጊዜ አይሰጥም። ጆሮ ለመሳል ምላሱን አውጥቶ ለሚያስብ የ4 ዓመት ልጅማ ጭራሽ አይሰጥም።

ስለዚህ ሥራውን ለሦስት ክፈይው። ከእሳት በፊት ያለው የልጆቹ ነው፣ እሳቱ ያንቺ ብቻ ነው፣ ከእሳት በኋላ ያለው ደግሞ ተመልሶ የልጆቹ ይሆናል። ይህን ካደረግሽ ማንንም ከኩሽና ማስወጣት አያስፈልግሽም።

ከእሳት በፊት ስል መጥበሻው ራሱ ወደ ጠረጴዛው ይመጣል ማለቴ ነው። ቀዝቃዛውን መጥበሻ። የማያጣብቅ፣ ታቹ ዝርግ የሆነ፣ ልጅ ሊያንቀሳቅሰው እንዳይችል ከሥሩ ፎጣ የተነጠፈለት። ዘይት በወረቀት ነክተሽ ታሽዋለሽ፣ ከዚያ በሌላ ደረቅ ወረቀት መልሰሽ ትጠርጊዋለሽ። የሚያብለጨልጭ ዘይት እንዳይቀር። ዘይት የተጠራቀመበት ቦታ ላይ ሊጡ እንደ ነብር ቆዳ ነጠብጣብ እያወጣ ይጠበሳል፣ ሥዕሉም በነጠብጣቡ መሀል ይጠፋል። ልጁ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ፣ ክርኑን ጠረጴዛው ላይ አሳርፎ፣ ቀዝቃዛው መጥበሻ ላይ እስኪበቃው ይስላል። ተሳሳተ? በወረቀት ይጠረግና እንደገና ይጀመራል። ሲጨርስ መጥበሻውን አንሥተሽ ምድጃው ላይ ታደርጊና ያን ጊዜ እሳቱን ትለኩሺያለሽ፣ ዝቅ አድርገሽ።

ቀጣዩን ለመሥራት የጋለውን መጥበሻ ወደ ጠረጴዛ እንዳትመልሺው። ሁለት መጥበሻ ካለሽ እያፈራረቅሽ ተጠቀሚ፣ አንዱ ሲበርድ ሌላው ይሠራል። አንድ ብቻ ከሆነ እስኪበርድ ጠብቂ፣ እስከዚያው ልጆቹ የመጀመሪያውን ያስጊጣሉ። የጋለ መጥበሻ ላይ ቀዝቃዛ ውሃ መድፋት ግን ይቅር፣ ታቹ ይጣመምና ከዚያ ወዲያ ሊጡ ወደ አንድ ጎን እየሸሸ ያስቸግርሻል።

አሁን ወደ ጠፋው ጆሮ እንምጣ።

ሥዕል ያለው ፓንኬክ ምስጢሩ መስመሩ ቀድሞ መጥበሱ ነው። መጀመሪያ መስመሩ ብቻ ይሳላል፦ የፊቱ ዙሪያ፣ ዓይን፣ አፍንጫ፣ አፍ፣ ጆሮ። መሀሉ ባዶ ይቀራል። በዝቅተኛ እሳት ላይ መስመሩ እርጥብ ገጽታው ጠፍቶ ደብዘዝ እስኪል ትጠብቂያለሽ፣ ከቀዝቃዛ መጥበሻ ስለጀመርሽ 1 ወይም 2 ደቂቃ ይወስዳል። ከዚያ በኋላ ነው ባዶው ቦታ በሊጥ የሚሞላው። መስመሩ ከሙቀቱ ጋር ረዘም ያለ ጊዜ ስለሚቆይ ይጠቁራል፣ የተሞላው ነጣ ብሎ ይቀራል፣ ስትገለብጪው ሥዕሉ ቁልጭ ብሎ ይወጣል። መስመርና ሙሌት በአንድ ጊዜ ከፈሰሱ ግን እርጥብ ከእርጥብ ጋር ይዋሃዳል። የናንተ ድብ ጆሮውን ያጣው በዚህ ነው።

መሙላቱ እሳት ላይ ስለሚሆን ያንቺ ሥራ ነው። ትንሿ ይህን ካልወደደችው መስመሩን በካካዎ ሊጥ እንድትስል አድርጊ። ካካዎ በራሱ ጥቁር ስለሆነ መስመሩ ቀድሞ መጥበስ አይጠበቅበትም፣ እዚያው ጠረጴዛ ላይ ራሷ ሞልታ ልትጨርሰው ትችላለች። ጠርዙ ትንሽ ይደበዝዛል፣ ግን ሙሉ በሙሉ የእጇ ሥራ ይሆናል። ለ4 ዓመት ልጅ እኔ የምመርጠው ይህንን ነው።

ልጆች ሁሉ የሚደነግጡበት አንድ ነገር አለ፣ ቀድመሽ ንገሪያቸው። የሚታየው ገጽ ታች መጥበሻውን የነካው ነው፣ ስለዚህ ሥዕሉ እንደ መስታወት ይገለበጣል። ለድብ ፊት ችግር የለውም። ለስም ግን አለው። የ7 ዓመቱ ልጅሽ ስሙን መጻፍ መፈለጉ አይቀርም፣ አንዳንድ ፊደሎቻችን ደግሞ ለዚህ የተፈጠሩ ይመስላሉ። በ፣ ሠ፣ ቀ፣ ሐ እና ዐ ግራና ቀኛቸው አንድ ስለሆነ ቢገለበጡም ያው ናቸው። ቡ እና ቂ ግን በቀኝ ያለው ቅጥያቸው ወደ ግራ ይዞርና ልጁ «ተሳሳትኩ» ይላል። መላው ቀላል ነው። ስሙን በወፍራም እስክሪብቶ ወረቀት ላይ ይጻፈው፣ ወረቀቱን ገልብጦ መስኮት ላይ ይለጥፈው፣ ብርሃኑ ከኋላ ሲመጣ የተገለበጠውን ጽሑፍ ያያል። እሱን እያየ ይገልብጥ። ፊደሎቹ የሚሄዱበትም አቅጣጫ ከቀኝ ወደ ግራ ይሆናል። ልጆች ይህን ሲረዱና ፓንኬኩ ሲገለበጥ ስማቸው ቀና ብሎ ሲወጣ የሚያሳዩት ፊት፣ እውነት ለመናገር ይህን ሥራ እንድወደው ያደረገኝ እሱ ነው።

ሊጡ

200 ግራም የስንዴ ዱቄት፣ 1 የሾርባ ማንኪያ ስኳር፣ ቁንጥር ጨው እና 1 የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ፓውደር አብረሽ ንፊ። በሌላ ዕቃ 1 እንቁላል፣ 250 ሚሊ ሊትር ወተትና 2 የሾርባ ማንኪያ ዘይት ወይም የቀለጠ ቅቤ ምቺ። ሁለቱን አገናኚና ዱቄቱ እስኪጠፋ ብቻ አማስይ። ከ8 እስከ 10 ትንንሽ ፓንኬክ ይወጣዋል።

ቤኪንግ ፓውደሩ አነሰ እንዳትይኝ። ለተራ ፓንኬክ ቢሆን 2 የሻይ ማንኪያ እልሽ ነበር። ለሥዕል ግን በጣም የሚነፋ ሊጥ አይመችም፣ መስመሩን ይውጠዋል፣ የጥንቸሉን ጆሮም ያወፍረዋል።

ለተራ ፓንኬክ ሊጡ ውስጥ ትንሽ ጓጎላ ቢቀር ምንም አይደል። እዚህ ግን ጓጎላው የጠርሙሱን አፍ ይደፍነዋል፣ ልጁ በኃይል ሲጨምቀው ደግሞ ባንዴ ፍስስ ይልና የተሳለው ሁሉ ይበላሻል። ጓጎላውን ለማጥፋት ብለሽ ደጋግመሽ ከመታሽው ደግሞ በዱቄቱ ውስጥ ያለው ግሉተን ይጠነክርና ፓንኬኩ እንደ ጎማ ይሆናል። ስለዚህ ቀስ ብለሽ አማስለሽ 10 ደቂቃ ተይው። ዱቄቱ ፈሳሹን ይጠጣል፣ ግሉተኑም ይላላል። ከዚያ በወንፊት አሳልፈሽ ጠርሙስ ውስጥ ጨምሪው። ወንፊቱ ላይ በማንኪያ መጫን ልጆች የሚወዱት ሥራ ነው፣ ለትንሿ ስጫት።

ውፍረቱን በሳህን ፈትኚው። ሳህን ላይ መስመር ስሪና ዘንበል አድርጊው። መስመሩ ትንሽ ሰፋ ብሎ ከቆመ ልክ ነው። ከወረደ 1 የሾርባ ማንኪያ ዱቄት፣ ጭራሽ ካልተንቀሳቀሰና ቅርጹ እንደ ክር ከቀረ 1 የሾርባ ማንኪያ ወተት ጨምሪ። ለመስመሩ የሚሆነው ከሙሌቱ ጠንከር ቢል ይሻላል፣ ሙሌቱ ራሱ ሄዶ ጥግ ጥጉን እንዲሞላ ቀጠን ይበል።

ለመሳያ የካቻፕ ዓይነት የሚጨመቅ የፕላስቲክ ጠርሙስ ይበቃል፣ አፉ ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር የሆነ። ጠርሙስ ከሌለ ወፈር ያለ የፕላስቲክ ከረጢት ውስጥ ሊጡን ጨምረሽ አፉን እሰሪና ጥጉን በመቀስ በጣም በጥቂቱ ቁረጪ። ብዙ ሰው እዚህ ላይ አብዝቶ ይቆርጣል። የእህል ፍሬ የምታህል ቀዳዳ ትበቃለች። ለልጅ እጅ ግን ጠርሙሱ ይሻላል፣ ከረጢት ከላይ ይጨመቅና ከኋላ ይወጣል።

ቅዳሜ ጠዋት እንዳይጨናነቅብሽ ደረቁን ዓርብ ማታ ቀላቅለሽ ክደኚው። ፈሳሹን ጠዋት ጨምሪ። ሙሉውን ሊጥ ማሳደር ግን ይቅር፣ ቤኪንግ ፓውደሩ እርጥበት እንደነካው መሥራት ይጀምርና ሲነጋ ጉልበቱ ይደክማል።

ቀለሙ

አዎ፣ ያለ ተገዛ ቀለም ይቻላል፣ ግን የትኛው እሳትን እንደሚችልና የትኛው እንደማይችል ማወቅ አለብሽ። እዚህ ላይ ብዙ እናቶች ተስፋ ሲቆርጡ አይቻለሁ፣ ምክንያቱም ሳህን ውስጥ ያማረው ቀለም መጥበሻው ላይ ሌላ ሆኖ ይወጣል።

ካካዎ አያሳፍርም። ለግማሽ ኩባያ ሊጥ 1 የሾርባ ማንኪያ፣ ካካዎ ፈሳሽ ስለሚጠጣ 1 የሾርባ ማንኪያ ወተት አብሮት። እርድም ጠንካራ ነው፣ ሩብ የሻይ ማንኪያ ይበቃዋል፣ ከዚያ ካለፈ ጣዕሙ ይሰማል። ቤኪንግ ሶዳ ብቻ የገባበት ሊጥ ውስጥ ግን እንዳትጨምሪው፣ ሶዳው ቢጫውን ወደ ቀይ ቡናማ ይቀይረዋል። አረንጓዴ ከፈለግሽ አንድ እፍኝ ስፒናች ከወተቱ ጋር ፍጪና አጥልለሽ ተጠቀሚ። ቀለሙ ደስ ይላል፣ ጣዕሙም ብዙም አይታወቅም።

ቀይ ሥር ነው የሚያስቸግረው። ጥሬው ሊጥ ሮዝ ሆኖ ልጆቹ ይጨፍራሉ፣ ሲጠበስ ግን ቡናማ ይሆናል። የቀይ ሥር ቀለም ሙቀት አይችልም፣ አሲድ ሲያገኝ ግን ይበረታል። ስለዚህ ቀቅለሽ የፈጨሽውን 2 የሾርባ ማንኪያ ቀይ ሥር ከግማሽ ኩባያ ሊጥ ጋር ስትቀላቅይ 1 የሻይ ማንኪያ የሎሚ ጭማቂ ጣል አድርጊበት፣ እሳቱንም ከሁሉም ዝቅ አድርጊለት። እንዲያም ሆኖ መጥበሻውን የነካው ገጽ ትንሽ ቡናማ መሆኑ አይቀርም። ብሉቤሪ የሚባለው ትንሽ ሰማያዊ ፍሬ ደግሞ ሊጥ ውስጥ ሲፈጭ ግራጫ፣ አንዳንዴም አረንጓዴ የሚመስል ነገር ይሆናል፣ ቀለሙ አሲድ ሲያጣ ስለሚቀየር። ብሉቤሪን ሳትፈጪ ለዓይንና ለአፍንጫ ከላይ አስቀምጪው። ሮዝም እንደዚያው፦ ደማቅ ሮዝ የምትፈልጊ ከሆነ ቀይ ሥሩን እርጎ ውስጥ ቀላቅለሽ ፓንኬኩ ከወጣ በኋላ ቀቢው። እሳት ያልነካው ቀለም አይከዳሽም።

እሳቱ ላይ

ላዩ ዓይን ሲያወጣና ቀዳዳዎቹ መልሰው ሳይሞሉ ክፍት ሲቀሩ፣ ጠርዙም ሲደርቅ፣ መገልበጫውን ከሥር አስገብተሽ ትንሽ አንሺና እዪ። ከዚያ በአንድ ጊዜ ገልብጪ። ሁለተኛው ገጽ ከ1 ደቂቃ አይበልጥም። አረረብሽ ያልሽው ሁለተኛው፣ የመጀመሪያው ሲሠራ መጥበሻው እየጋለ ሄዶ ነው። መጥበሻ ሙቀት ያጠራቅማል፣ በተለይ ከባዱ። ክብ ክቡን ሳታበርጂ በተከታታይ ስትጋግሪ በየመሀሉ እሳቱን አንድ ደረጃ ቀንሺ። የተሠሩትን በ100 ዲግሪ ሴልሺየስ ኦቨን ውስጥ ካቆየሻቸው ሁላችሁም በአንድ ጊዜ ትቀመጣላችሁ።

ልጆቹ የት ይቁሙ? ወለሉ ላይ ከምድጃው አንድ ሜትር ርቆ በቀለማዊ ፕላስተር መስመር አስምሪ። «ይህ የእሳቱ ድንበር ነው፣ እሳት ሲበራ እዚህ ማዶ እንቆማለን» በያቸው። የ4 ዓመት ልጅ «አትንኪ» የሚለውን ትረሳዋለች፣ የምታየውን መስመር ግን አትረሳም። መስመሩን ራሷ ከለጠፈችው ደግሞ ወንድሟን እሷው ትጠብቃለች። ያን ጊዜ መጮህ አያስፈልግሽም። የመጥበሻውን እጀታ ሁልጊዜ ወደ ውስጥ አዙሪው። ምናልባት እጅ ከተቃጠለ ቀዝቃዛ የቧንቧ ውሃ ሥር 20 ደቂቃ ያዢው፣ ቅቤም የጥርስ ሳሙናም አትቀቢ። ያቃጠለው ቦታ ሰፊ ከሆነ ወይም ውሃ ከቋጠረ ለሐኪም አሳዪው።

ልጆቹ ጥሬ ሊጥ አይላሱ። እንቁላሉ ብቻ አይደለም፣ ጥሬ ዱቄትም ራሱ በሽታ የሚያመጡ ባክቴሪያዎች ሊኖሩበት ይችላል። ጣቱን ማስገባት ለሚወድ ልጅ የተቆራረጠ ሙዝ አጠገቡ አስቀምጪለት፣ አፉ ሥራ ያገኛል።

ከእሳት በኋላ

ይህን ክፍል አቅልለሽ እንዳታዪው። መስመር መሳል ያቃተው ልጅ እዚህ ይሳካለታል። አንድ ትልቅ ክብና ሁለት ትንንሽ ክብ ፓንኬኮች ካሉሽ ድብ አለሽ ማለት ነው፦ ትንንሾቹ ጆሮ፣ የሙዝ ቁራጭ አፍንጫ፣ ብሉቤሪ ዓይን። ሁለት ረጃጅም ካሉሽ ጥንቸል። አንድ ክብ ፓንኬክ ለሁለት ቁረጪና የጎበጠውን ከጎበጠው አገጣጥሚ፣ መሀሉ ላይ ሙዝ በቁመቱ ስታስቀምጪ ቢራቢሮ ይሆናል። ትንንሽ ክቦች በሰልፍ ሲደረደሩ አባጨጓሬ ናቸው። የአበባና የኮከብ ቅርጽ መቁረጫ ካለሽ የበሰለውን ፓንኬክ በሱ ይቁረጡት። መቁረጫውን መጥበሻ ውስጥ አስቀምጦ ሊጥ መሙላት የሚታየውን ያህል ቀላል አይደለም፣ ብረቱ ይግላል፣ ሊጡም ይጣበቅበታል።

ፍራፍሬውን በትንንሽ ሳህን ለያይተሽ መሀል አስቀምጪና እጅሽን ሰብስቢ። ይህ ለኛ ለትልልቆቹ ከባድ ነው። የድቡ ዓይን ሦስት ሆኖ ይቅር፣ አፉም ግንባሩ ላይ ይሁን። አንዴ «እንዲህ አይደለም» ብለሽ ካስተካከልሽው ልጅቷ ሥራውን ትተውልሻለች፣ ይህን ደጋግሜ አይቼዋለሁ።

ወይን የምትጠቀሚ ከሆነ ለ4 ዓመቷ ልጅ በቁመቱ ለአራት ተቆርጦ ይሁን፣ ሙሉ ፍሬ ያንቃል። ለውዝም ሙሉውን ሳይሆን ተፈጭቶ። ከ1 ዓመት በታች ሕፃን የምትጋብዙ ከሆነ ደግሞ ማር ጭራሽ አይቅመስ። ማርና ሽሮፕ በትንሽ ማንኪያ ለመስመር መሳያ ቢሆን በቂ ነው፣ 1 የሾርባ ማንኪያ ማር ብቻውን 17 ግራም ያህል ስኳር አለው። ላዩን በብዛት መሸፈን ከፈለጉ እርጎ ወይም የተፈጨ እንጆሪ ስጫቸው። እንቁላል የማይስማማው ልጅ ካለ በ1 እንቁላል ፋንታ ግማሽ የበሰለ ሙዝ አድቅቀሽ ጨምሪ፣ ቶሎ ቡናማ ስለሚሆን እሳቱን ተጠንቀቂ።

ለመጪው ቅዳሜ አራት ሥዕል ብቻ አስቢ፣ ለያንዳንዳቸው ሁለት ሁለት። የቀረውን ሊጥ ክብ ክብ አድርገሽ ጋግሪው። የተረፈው ከበረደ በኋላ በመሀሉ ወረቀት እየገባ በከረጢት ታሽጎ ፍሪዘር ውስጥ ከ1 እስከ 2 ወር ይቆያል። በሥራ ቀን ጠዋት ከፍሪዘር አውጥተሽ በቀጥታ ቶስተር ውስጥ ታሞቂያለሽ፣ ዓይንና አፍንጫውን ልጆቹ ራሳቸው ያስቀምጡበታል።